ማኅበሩ ፈረሰ፤ ገንዘቡስ?

የአልጀርስ የስንዴ ዕዳ ለቤተሰብ ነጋዴዎች የሚሰጠው ትምህርት

የቤተሰብ ማኅበር ሲቋቋም ወረቀት አይበዛም። አባት ገንዘቡን ያወጣል፣ ታላቅ ልጅ ሱቁን ይይዛል፣ እህት ሒሳቡን ትጽፋለች፣ አማች ከጅቡቲ ዕቃ ያመላልሳል። ማን ምን እንዳዋጣ፣ ማን ምን እንዳበደረ፣ ማን ሸሪክ ማን ደመወዝተኛ እንደሆነ መጠየቅ እንደ ነውር ይቆጠራል። ንግዱ እየሰፋ እስከሄደ ድረስም ጥያቄው አይነሳም። የሚነሳው አባት ሲሞት፣ ወንድማማቾች ሲጣሉ ወይም ትልቁ ባለዕዳ ሳይከፍል ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ማኅበሩ ይፈርሳል። ገንዘቡ ግን በባንክ ወይም በሌላ ሰው እጅ እንዳለ ይቀራል። ክርክሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። የፈረሰ የቤተሰብ ማኅበር ገንዘብ ለዓመታት ታግዶ የሚቀመጠው ዳኛ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ይልቁንም ማኅበሩ ሲፈርስ ሒሳቡ ባለመዘጋቱና ማን ከማን ቀድሞ እንደሚከፈል በጽሑፍ ባለመቀመጡ ነው። ለዚህም ከታሪክ አንድ እውነተኛ ጉዳይ እንወስዳለን። ጉዳዩ የሩቅ አገርና የሩቅ ዘመን ቢሆንም በውስጡ የሚታየው የዱቤ፣ የውክልናና የእግድ አሠራር ለማንኛውም ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ከዚያ በኋላ ወደ አገራችን ሕግ ተመልሰን ነገሩን በአኃዝ እናያለን።

ስንዴ በዱቤ የሸጠው ቤት

በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አልጀርስ በስም የኦቶማን ቱርክ ግዛት፣ በተግባር ግን «ዴይ» በሚባል ገዥ የምትተዳደር የወደብ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ባክሪ የሚባል የአይሁድ ነጋዴ ቤተሰብ ነበር። ቤተሰቡ ቡስናክ ከሚባል ሌላ ቤተሰብ ጋር ተሻርኮ እህል፣ ሱፍ፣ ቆዳና ሰም ወደ ውጭ ይልካል። ወንድሞቹና ዘመዶቻቸው በአልጀርስ፣ በኢጣሊያ ሊቮርኖና በፈረንሳይ ማርሴይ ተከፋፍለው ስለሚሠሩ አንዱ ሲጭን ሌላው ይቀበል ነበር። ከዴዩ ቤተ መንግሥት ጋር ያላቸው ቅርበትም እህል የማውጣት ፈቃድ ከሌሎች ቀድመው እንዲያገኙ ረድቷቸዋል።

በ1793 እ.ኤ.አ. አብዮት ላይ የነበረችው ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገባች። የባሕሩ ንግድ ታወከ፤ ደቡብ ፈረንሳይም እህል አጠረው። ባክሪና ቡስናክ ለደቡቡ ሕዝብ፣ ቀጥሎም ለጦር ሠራዊቱ ስንዴ ማቅረብ ጀመሩ። የሸጡት ግን በአብዛኛው በዱቤ ነበር። ገዥው መንግሥት ስለሆነ ገንዘቡ ይጠፋል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ባክሪዎች ለፈረንሳይ ያቀረቡትን ዕቃ ሁሉ በራሳቸው ገንዘብ የገዙት አልነበረም። የዴዩ መንግሥትም ለእነሱ በዱቤ ሸጧል። ስለዚህ ሁለት ዕዳ ተደራረበ፤ ፈረንሳይ ለባክሪዎች ባለዕዳ ናት፣ ባክሪዎች ደግሞ ለዴዩ። ይህ ከአስመጪ ወደ ጅምላ ሻጭ፣ ከጅምላ ሻጭ ወደ ቸርቻሪ የሚወርደው የዱቤ ሰንሰለት መሆኑ ነው። የመጨረሻው ካልከፈለ መካከለኛው ይታነቃል፤ የመጀመሪያው ደግሞ ወደ መካከለኛው ፊቱን ያዞራል።

በ1798 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ጦር ግብፅን ሲወር የቱርክ ሱልጣን በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። አልጀርስም በሱልጣኑ ትእዛዝ ከፈረንሳይ ጋር ተቆራረጠች። ክፍያውም ተሰናከለ። በታኅሣሥ ወር 1801 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሰላም ውል ሁለቱ ወገኖች ለየዜጎቻቸው የሚገባውን ዕዳ ለመክፈል ቃል ገቡ። ሆኖም ቃሉ በወረቀት ላይ ቀረና በናፖሊዮን ዘመን ዕዳው ሳይዘጋ ዓመታት አለፉ።

ሸሪኮቹ ሲበታተኑ

ገንዘቡ በፓሪስ ታንቆ ሳለ ማኅበሩ በአልጀርስ ፈረሰ። በ1805 እ.ኤ.አ. አገሩ በእህል እጥረት ተቸግሮ ሕዝቡ ተቆጥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የሽርክናው ዋና ሰው ናፍታሊ ቡስናክ በአንድ ወታደር ተገደለ። በከተማይቱም በአይሁድ ነዋሪዎች ላይ ግድያና ዘረፋ ተፈጸመ። በ1811 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከባክሪዎች ወገን ዴቪድ ባክሪ በዴዩ ትእዛዝ ተገደለ። ከዚያ በኋላ የቀድሞው ሽርክና አንድ ሆኖ አልቀጠለም። የቀሩት ወንድሞች፣ የሟቾች ወራሾችና የቡስናክ ወገን በተለያየ አገር ተበታትነው ቀሩ።

ሱቅና መርከብ ሲጠፋ የሚቀረው ተሰብሳቢ ሒሳብ ነው። የባክሪና የቡስናክ ቤትም ከሞላ ጎደል የቀረው ትልቅ ሀብት በፈረንሳይ መንግሥት ላይ ያለው ጥያቄ ነበር። በዚያው ልክ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ጠያቂዎች ነበሩበት። በማርሴይና በፓሪስ ገንዘብ ያበደሩ፣ ዕቃ የሰጡ፣ ከሌላ ሰው ላይ የዕዳ ወረቀት የገዙ ሁሉ ያንን የፓሪስ ገንዘብ ይጠብቁ ነበር። የዴዩ ግምጃ ቤትም ጠባቂ ነበር።

7 ሚሊዮኑ ፍራንክ

ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ ነገሩ እንደገና ተነሳ። ረጅም ምርመራና ድርድር ተደርጎ በጥቅምት ወር 1819 እ.ኤ.አ. ስምምነት ተፈረመ። ባክሪና ቡስናክ ያቀረቡት ጥያቄ ከዚህ በጣም የበለጠ ቢሆንም ዕዳው በ7 ሚሊዮን ፍራንክ እንዲዘጋ ተስማሙ። በሐምሌ ወር 1820 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ምክር ቤት ገንዘቡን በሕግ ፈቀደ። ከመጀመሪያው የስንዴ ጭነት እስከዚህ ቀን ከ25 ዓመታት በላይ አልፈዋል።

ይሁን እንጂ በስምምነቱ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነበረች። ባክሪና ቡስናክ ዕዳ አለባቸው የሚሉ ሰዎች በፈረንሳይ ተቃውሞ ካቀረቡ፣ ለተቃውሞው ልክ የሚሆነው ገንዘብ የፈረንሳይ ፍርድ ቤቶች እስኪወስኑ ድረስ አይከፈልም የምትል ናት። በእኛ አነጋገር የእግድ አንቀጽ ማለት ነው። ሌሎቹ አንቀጾች ስለ ገንዘቡ መጠን ያወራሉ፤ ይህቺ ግን ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚገባ ወሰነች።

ገንዘብ ጠያቂዎች በብዛት ቀረቡ። ከፊሉ እውነተኛ አበዳሪ ነበር፤ ከፊሉ ጥያቄ ግን የሚያጠራጥር ነው ይባል ነበር። ወደ 4.5 ሚሊዮን ፍራንክ የሚሆነው ለባክሪና ቡስናክ ወገን ተከፈለ። የቀረው ወደ 2.5 ሚሊዮን ፍራንክ በ1816 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የመንግሥት የአደራ ገንዘብ መሥሪያ ቤት ተቀማጭ ሆነ። ክርክሩም በፈረንሳይ ፍርድ ቤቶች ቀጠለ።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የቀረው ዴዩ ነበር። በ1818 እ.ኤ.አ. ሥልጣን የያዘው ዴይ ሁሴን ስምምነቱን ተቀብሎ አጽድቆት ነበር። ገንዘቡ ወደ አልጀርስ ሲመጣ ከባክሪዎች ላይ ያለውን ጥያቄ ከዚያ ላይ እቀንሳለሁ ብሎ ይጠብቅ ነበር። አንቀጿ የምታውቀው ግን በፈረንሳይ አገር ተቃውሞ ያስመዘገበውን ጠያቂ ነው። ዴዩ በማያውቀው ሥነ ሥርዓት፣ በማያውቀው ቋንቋ ከተሰለፉት ጠያቂዎች ኋላ ቀረ። ግማሹ ገንዘብ ተከፍሎ ሄደ፣ ግማሹ ታግዶ ቀረ፤ ለእሱ ግን የደረሰው ነገር አልነበረም።

ሁሴን ለፈረንሳይ መንግሥት ቢጽፍ የሚያረካ መልስ አላገኘም። በሚያዝያ ወር 1827 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ቆንስል ፒየር ዴቫል ለበዓል ደስታ ሊገልጽ ቀርቦ ሳለ በመልሱ ነገር ተቃቃሩ፤ ዴዩም በያዘው የዝንብ ጭራ ቆንስሉን መታው። ፈረንሳይ ካሳ ጠይቃ በሰኔ ወር የአልጀርስን ወደብ በመርከብ ዘጋች። በሰኔ ወር 1830 እ.ኤ.አ. ጦሯን አሳረፈች፤ ሐምሌ 5 ቀን 1830 እ.ኤ.አ. አልጀርስ እጅ ሰጠች። የፈረንሳይ አገዛዝ በአልጄሪያ እስከ 1962 እ.ኤ.አ. ድረስ 132 ዓመታት ቆየ።

እርግጥ ነው፣ አገር የተወረረው በዕዳ ክርክር ብቻ አይደለም። የንጉሥ ሻርል 10ኛ መንግሥት በአገር ውስጥ የተዳከመ ስለነበር በውጭ ድል ስሙን ለማደስ ይፈልግ ነበር። ጭራውና ዕዳው ሰበብ ሆኑ። ያም ሆኖ ለሒሳብ ሰው የሚገርመው ልዩነቱ ነው። ታግዶ የነበረው ገንዘብ ወደ 2.5 ሚሊዮን ፍራንክ ነው። ፈረንሳዮች አልጀርስን ሲይዙ ከዴዩ ግምጃ ቤት ቆጥረው የመዘገቡት ደግሞ ከ48 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ነበር።

ስህተቱ የት ላይ ነበር?

ከታሪኩ ፖለቲካውን ትተን ንግዱን ብቻ ብናይ አራት ክፍተቶች ይታያሉ።

አንደኛው፣ ሽርክናው ሲፈርስ የመጨረሻ ሒሳብ አልተዘጋም። የቡስናክ ወገን ድርሻ ስንት ነው? የሟች ወራሾችስ? በጋራ ስም የተወሰደው ብድር የትኛው ነው፣ አንዱ ወንድም ለብቻው የተበደረው የትኛው? እነዚህ ጥያቄዎች ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት መልስ ቢያገኙ ኖሮ ተቃውሞውን ማጣራት የቀለለ በሆነ ነበር።

ሁለተኛው፣ የአከፋፈሉ ቅደም ተከተል አልታወቀም። ስምምነቱ ጠቅላላውን ገንዘብ ወሰነ እንጂ አበዳሪው፣ ዕቃ አቅራቢው፣ ሸሪኩና ወራሹ በምን ተራ እንደሚከፈሉ አልወሰነም። ተራ ከሌለ ቀድሞ የደረሰ ያግዳል።

ሦስተኛው፣ ወኪል ብዙ፣ ተጠያቂ ግን አንድም አልነበረም። አንዱ በአልጀርስ፣ ሌላው በፓሪስ ሆኖ ሁሉም በቤቱ ስም ይናገራል። ለሁሉም ጠያቂዎች ሒሳብ የሚያቀርብ አንድ አጣሪ አልተሾመም።

አራተኛው፣ ዋናው ገንዘብ ጠያቂ በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ አልነበረም። ዴዩ አጸደቀ እንጂ አልተደራደረም። ጥያቄውን በዝርዝር ጽፎ፣ በአንቀጽ አስገብቶ አላስጠበቀም። በእምነት ብቻ የተቀመጠ ጥያቄ በወረቀት ከቀረበ ጥያቄ ጋር ሲሽቀዳደም የሚሸነፈው የታወቀ ነው።

በእኛ ሕግ እንዴት ነው?

እነዚህ አራት ክፍተቶች በአገራችን ንግድ ሕግ መልስ አላቸው። ችግሩ ብዙ ቤተሰብ መልሱን የሚፈልገው ከተጣላ በኋላ መሆኑ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው ንግድ ሕግ ስለ ማኅበራት የያዘው ክፍል በ2013 ዓ.ም. በወጣው ንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል። ቤተሰቦች ከሚመርጧቸው ቅርጾች መካከል የኅብረት ሽርክና ማኅበርና ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ይገኛሉ። ልዩነታቸው በተለይ በመፍረሻው ቀን ይታያል። በኅብረት ሽርክና ማኅበር ሸሪኮች ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ናቸው፤ የማኅበሩ ሀብት ካልበቃ ገንዘብ ጠያቂው የሸሪኩን ቤት ሊጠይቅ ይችላል። ኃላፊነቱ በተወሰነ የግል ማኅበር ግን አባሉ በመሠረቱ ካዋጣው መዋጮ በላይ አይጠየቅም። አባሉ በግሉ ለባንክ ዋስ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ማኅበር «ፈረሰ» ሲባል ያን ቀን ሞተ ማለት አይደለም። ሒሳቡ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ ሕጋዊ ሰውነቱ ለማጣራቱ ሥራ ይቆያል። ሥራ አስኪያጁ ይቆምና ሒሳብ አጣሪ ይተካል። አጣሪው ንብረቱን ይቆጥራል፣ ተሰብሳቢውን ይሰበስባል፣ ገንዘብ ጠያቂዎችን በማስታወቂያ ይጠራል፣ ዕዳውን ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን ለአባላት ያከፋፍላል። ዕዳ ሳይከፈል ለአባላት ማከፋፈል አይፈቀድም። አባላት አጣሪ ለመምረጥ ካልተስማሙ ፍርድ ቤት ይሾማል።

ብዙ ጠብ የሚነሳው ይህ ደረጃ ስለሚዘለል ነው። ወንድማማቾቹ «ማኅበሩን አፍርሰናል» ብለው ቃለ ጉባኤ ይፈርማሉ፤ አጣሪ አይሾሙም። የባንክ ፊርማው በቀድሞው ሥራ አስኪያጅ እጅ ይቀራል። ከሁለት ወር በኋላ አንዱ ገንዘብ ወጣ ሲል ሰምቶ ወደ ፍርድ ቤት ይሮጥና ሒሳቡን በሙሉ ያሳግዳል።

ጉዳዩ የውርስና የጋብቻ ነገር ሲጨመርበት ይበልጥ ይወሳሰባል። አንድ አባል ከሞተ ወራሾቹ የወራሽነት ማስረጃ ይዘው ይመጣሉ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ደግሞ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ተደርጎ ይገመታል። ስለዚህ በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ስሟ የሌለች ሚስት በድርሻው ዋጋ ላይ ጥያቄ ሊኖራት ይችላል። ሦስት ወንድማማቾች የጀመሩት ክርክር ዘጠኝ ተከራካሪ ይዞ ቢገኝ ሊገርመን አይገባም።

በአኃዝ እንየው

ለትምህርት ያህል የሚከተለውን ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ወንድም፣ አንድ እህትና አንድ ታናሽ ወንድም ማኅበር ነበራቸው። መዋጯቸው ታላቅ ወንድም 1,200,000 ብር፣ እህት 800,000 ብር፣ ታናሽ ወንድም 400,000 ብር፣ በድምሩ 2,400,000 ብር ነው። ማኅበሩ ፈርሶ ዕቃውና መኪናው ተሸጦ፣ ተሰብሳቢው ተሰብስቦ 9,000,000 ብር ተገኘ።

በመጀመሪያ የማጣሪያና የኦዲት ወጪ 300,000 ብር ይወጣል። ለሠራተኞች የሚገባው፣ ግብርና የባንክ ብድር 3,200,000 ብር፣ የዕቃ አቅራቢዎች ዕዳ 1,500,000 ብር ነው እንበል። የሠራተኛ ክፍያ፣ ግብርና በመያዣ የተሰጠ ብድር የየራሳቸው የቅድሚያ ደንብ አላቸው፤ እዚህ ገንዘቡ ለሁሉም ስለሚበቃ ተራው አያጣላም። የሚቀረው 4,000,000 ብር ነው።

አሁን ታላቅ ወንድም «ማኅበሩ ሲቸገር 1,000,000 ብር አበድሬዋለሁ» ይላል። ብድሩ ከተረጋገጠ ከመዋጮ በፊት ይከፈለዋል። ከቀረው 3,000,000 ብር ላይ መዋጮው 2,400,000 ብር ሲመለስ 600,000 ብር ትርፍ ይቀራል። በመዋጮ ልክ ሲከፋፈል ታላቅ ወንድም 300,000፣ እህት 200,000፣ ታናሽ ወንድም 100,000 ብር ያገኛሉ። በጠቅላላው ታላቅ ወንድም 2,500,000፣ እህት 1,000,000፣ ታናሽ ወንድም 500,000 ብር ይወስዳሉ ማለት ነው።

እህትና ታናሽ ወንድም ግን «ብድር የሚባል ነገር አናውቅም፤ የሰጠኸው የአባታችንን ገንዘብ ነው» ቢሉና ብድሩ ባይረጋገጥ ስሌቱ ይለወጣል። ከ4,000,000 ብር ላይ መዋጮው ሲመለስ 1,600,000 ብር ይቀራል። ያን ጊዜ ታላቅ ወንድም 2,000,000፣ እህት 1,333,000 ገደማ፣ ታናሽ ወንድም 667,000 ገደማ ይደርሳቸዋል።

ሁለቱን ስሌቶች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ ነገር ይገለጣል። ጠቡ ሲሰማ «የ9 ሚሊዮን ብር ክርክር» ይባላል። በእውነቱ ግን ክርክሩ የ500,000 ብር ነው። የቀረው 3,500,000 ብር በየትኛውም ፍርድ የማን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ታላቅ ወንድም ከ2,000,000 ብር፣ እህት ከ1,000,000 ብር፣ ታናሽ ወንድም ከ500,000 ብር በታች አያገኙም። ይሁንና እግዱ የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ በክርክሩ ልክ ሳይሆን በሒሳቡ ሙሉ ላይ ነው። ለ500,000 ብር ሲባል 4,000,000 ብር ይታሰራል።

ጊዜ የሚበላው

የታሰረ ገንዘብ አይቀመጥም፤ ይቀንሳል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። በዚህ ልክ እንኳ ብናስብ ያለ ክርክር የታሰረው 3,500,000 ብር በዓመት 315,000 ብር ሊያስገኝ የሚችለውን ያጣል። በሁለት ዓመት 630,000 ብር ይሆናል። ይህ ከተከራከሩበት ከ500,000 ብሩ ይበልጣል። ጉዳዩ ከመጀመሪያ ደረጃ ወደ ይግባኝ፣ ከይግባኝ ወደ ሰበር ሰሚ ችሎት ሲሄድ ሁለት ዓመት ረጅም ጊዜ አይደለም። የጠበቃ አበልና የዳኝነት ክፍያ ገና አልተቆጠረም።

የዋጋ ንረቱ ሲታከልበት ደግሞ 9 በመቶም አያድንም። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ከመለወጡ በፊት 1 የአሜሪካ ዶላር በባንክ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ከ110 ብር በላይ ሆነ። በ57 ብር ሒሳብ 3,500,000 ብር ከ61,000 ዶላር በላይ ነው፤ በ110 ብር ሒሳብ ግን ከ32,000 ዶላር በታች ነው። ያን ጊዜ ገንዘቡ ታግዶበት የነበረ አስመጪ አንድም ችሎት ሳይሸነፍ የዕቃ መግዣ አቅሙን ግማሽ ያህል አጥቷል።

ሳይቃጠል በቅጠል

ታዲያ ነጋዴው ምን ያድርግ? ንግዱ ደህና ሳለ፣ ሁሉም በአንድ ማዕድ ሲበላ የሚደረጉ ነገሮች አሉ።

መዋጮና ብድር ይለዩ። ከቤተሰብ አባል የገባ ብር ሁሉ በገባበት ቀን መዋጮ ነው፣ ብድር ነው ወይስ ስጦታ ነው ተብሎ ይጻፍ፤ ሁሉም ይፈርሙበት። በምሳሌያችን የነበረውን ጠብ ሙሉ በሙሉ የሚያስቀረው አንዲት ገጽ ወረቀት ናት።

የዓመት ሒሳብ ለግብር ብቻ አይዘጋ። የአባላት ድርሻ፣ ያልተወሰደ ትርፍና የእርስ በርስ ዕዳ የሚታይበት መግለጫ በየዓመቱ ቀርቦ ይጽደቅ። በየዓመቱ የጸደቀ ሒሳብ ካለ ክርክሩ ቢነሳም ወደ ኋላ የሚመለሰው እስከ መጨረሻው ጽድቅ ነው። ከሌለ ግን እስከ አባት የመጀመሪያ ሱቅ ድረስ ይሄዳል። በሕጋችን ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በመሠረቱ በ10 ዓመት ይርጋ እንደሚታገድም መዘንጋት የለበትም፤ «ወንድሜ አይክደኝም» ተብሎ የቆየ ጥያቄ በይርጋ ሊወድቅ ይችላል።

የመፍረሻው አንቀጽ በመመሥረቻ ጽሑፉ ይግባ። አጣሪው ማን ይሆናል ወይም እንዴት ይመረጣል፣ የሞተ አባል ድርሻ በምን ስሌት ይገመታል፣ ወራሾች አባል ይሆናሉ ወይስ ዋጋውን ይወስዳሉ የሚሉት አስቀድመው ይወሰኑ። አጣሪው ከተከራካሪዎቹ አንዱ ባይሆን ይመረጣል፤ ሒሳብ የሚያውቅ፣ ለሁሉም እኩል ሪፖርት የሚያቀርብ የውጭ ሰው ቢከፈለው ኪሳራ አይደለም።

ዳኛው አስቀድሞ ይታወቅ። የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ተዋዋዮች ጠባቸውን በግልግል እንዲጨርሱ መንገድ ይከፍታል። የቤተሰብ ሽምግልናም ቦታ አለው፤ ነገር ግን ሽማግሌ የሚያስታርቀው ልብን ነው እንጂ ሒሳቡን የሚዘጋው አይደለም። እርቁ በአኃዝ ተጽፎ፣ ተፈርሞና በሚመለከተው አካል ተረጋግጦ ካልተቀመጠ በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ይነሳል።

ነገሩ አልፎ ፍርድ ቤት ከገባ ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ ክርክር የሌለበትን ገንዘብ መለየት ነው። ሁለቱም ወገኖች ሊክዱት የማይችሉትን ዝቅተኛ ድርሻ አስልተው እግዱ በክርክሩ መጠን ብቻ እንዲወሰን ለፍርድ ቤቱ ቢያመለክቱ፣ በምሳሌያችን 3,500,000 ብር ወደ ሥራ ይመለሳል። በፓሪሱ ጉዳይ እንኳ ከ7 ሚሊዮኑ 4.5 ሚሊዮን ገደማ የተለቀቀው እግዱ በተቃውሞው ልክ ብቻ እንዲሆን በመደረጉ ነው። ያ በጎ ጎኑ ነበር። መጥፎው ጎን የተለቀቀው ገንዘብ ትልቁ ጠያቂ ባልተጠራበት መከፋፈሉ ነው።

ከዚህ ላይ ለፈረሰ ማኅበር ዕቃ ያቀረበ፣ ብድር የሰጠ ወይም ያደላደለ ደላላም የሚማረው አለ። ማኅበሩ መፍረሱን በሰሙ ቀን ደረሰኝና ውል ይዘው ጥያቄያቸውን ለአጣሪው በጽሑፍ ያስመዝግቡ፤ የምዝገባ ማረጋገጫም ይቀበሉ። ከቤተሰቡ ጋር ያለ ወዳጅነት፣ የአንዱ ወንድም «ምንም አትስጋ» የሚል ቃል የክፍያ ተራ አያሲዝም። አልጀርስን ያህል ከተማ የሚገዛው ዴይ ያጣው ይህንኑ ተራ ነበር።

የዘንድሮውን ሒሳብ የሚዘጉ ቤተሰቦች ከትርፍና ኪሳራው መግለጫ በታች አንድ ተጨማሪ መስመር ቢያስጽፉ ጥሩ ነው፤ ማኅበሩ ዛሬ ቢፈርስ ለእያንዳንዳችን ስንት ይደርሰናል? አባላቱ ሁሉ ያንን አኃዝ አይተው ከፈረሙ ሒሳባቸው በእርግጥም ተዘግቷል። አንዱ እንኳ ካልፈረመ የክርክሩን ምክንያት ገና ሱቁ ክፍት ሳለ አግኝተውታል፤ ተቀምጠው ሊነጋገሩበትም ጊዜ አላቸው።